ልጅ ማሳደግ በሰው አገር፦ እርዳታውን ከየትና እንዴት ትጠይቃላችሁ?

ልጄ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት የሚያውቃቸው ቃላት ሦስት ነበሩ። «ማሚ»፣ «ውሃ» እና «እምቢ»። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሕንፃ ላይ የምንኖር እናቶች «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» አሉኝ። አማቴም ከአዲስ አበባ በስልክ «አባቱም እንዲሁ ነበር፤ አሁን ማን ያስቆመዋል?» ብለው ሳቁ። ማመን ስለፈለግሁ አመንኩ። አንድ ዓመት እንዲሁ ሄደ።

በኋላ ነው የሰማሁት። የልጅ እድገት ምርመራ ነፃ ነው። ሐኪም ሳይልከኝ ራሴ ደውዬ ማስጀመር እችል ነበር። አስተርጓሚም ይመደብልኝ ነበር። ባለሙያዋ ቤቴ ድረስ ትመጣ ነበር። እኔ ግን ይህ ሁሉ መኖሩንም አላውቅም። ባውቅም ኖሮ «ገበናዬን ለፈረንጅ አላወጣም» የምል ይመስለኛል።

ይህን የምጽፈው በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ልጅ ለምታሳድጉ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁም አንብቡት። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይለያይ ይሆናል እንጂ አብዛኛው አገልግሎት እናንተም ጋ አለ። በቅደም ተከተል እንሂድ።

1. መጀመሪያ አስተርጓሚ መጠየቅ ልመዱ

ከሁሉ በፊት ይህን ያስቀደምኩት ያለ እሱ ሌላው ስለማይሠራ ነው። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ወይም ካውንቲ ስትደውሉ መጀመሪያ የምትሉት «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ» ነው። ሌላ ምንም አትጨምሩ። ስልኩ ለጥቂት ደቂቃ ዝም ይላል። አትዝጉት። አስተርጓሚውን በሌላ መስመር እያስገቡ ነው።

ዲሲ ውስጥ ይህ መብት ነው። በ2004 የወጣ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ። የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ወረቀቶችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱም አማርኛ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ያለው የሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶችም ብዙ ማስታወቂያ በአማርኛ ያወጣሉ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ብቻ ቢመጣባችሁ «የአማርኛው የት አለ?» በሉ።

«እኔ እንግሊዝኛ እችላለሁ» የምትሉም አላችሁ። እኔም እችላለሁ። ሥራ ቦታ የምናወራበት እንግሊዝኛ ግን ስለ ልጅ ጭንቀት ለማስረዳት አይበቃም። አንድ ሰው «ሆዴ ባባ» ማለት ሲፈልግ «አይ አም ሳድ» ብቻ ብሎ ከወጣ ነገሩ ግማሹ ቀርቷል።

ልጃችሁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉ። አንድ ጓደኛዬ የዘጠኝ ዓመት ልጇን ይዛ መምህሯ ዘንድ ገባች። መምህሯ አሥር ደቂቃ ሙሉ ተናገረች። «ምን አለች?» ስትላት ልጅቷ «ጎበዝ ነሽ አለችኝ» አለች። የሴሚስተሩ ውጤት ሲመጣ ነው ጉዱ የታየው። ሳቅ አለው፤ ግን ሕመም ወይም የቤት ጠብ ሲሆን ለልጅ ከባድ ሸክም ነው።

2. አንድ ማኅደር ያዙ

የብዙዎቻችን ሰነድ ፌስታል ውስጥ ነው። አንድ ማኅደር ግዙ። የልደት ሰርተፊኬት፣ የክትባት ካርድ፣ የኢንሹራንስ ካርድ፣ ከትምህርት ቤት የመጣ ደብዳቤ ሁሉ እዚያ ይግባ። ከኋላው አንድ ወረቀት ጨምሩና በደወላችሁ ቁጥር ቀኑን፣ ያነጋገራችሁን ሰው ስምና የተባላችሁትን ጻፉ። በአማርኛ ቢሆን ችግር የለውም። ከሦስት ወር በኋላ «እንዲህ አላልንም» ሲሏችሁ ይጠቅማችኋል።

3. ምን እንዳለ ለማወቅ 211 ደውሉ

የቤት ኪራይ ጎደለ፣ ምግብ አለቀ፣ ልጅ የሚጠብቅ ጠፋ፣ ምክር የሚሰጥ ባለሙያ ፈለጋችሁ፤ የት እንደሚጠየቅ ካላወቃችሁ 211 ደውሉ። እርዳታ የሚሰጡ ድርጅቶችን አድራሻ ይነግሯችኋል። እዚህም አስተርጓሚ ጠይቁ። ዲሲና ሞንጎመሪ ካውንቲ ደግሞ 311 ከመንግሥት አገልግሎቶች ጋር ያገናኛችኋል።

ትንንሽ ልጆች ላሏችሁ ሦስት ነገር ብቻ ልጥቀስ። ዊክ የሚባለው ፕሮግራም ነፍሰ ጡሮችን፣ የወለዱ እናቶችንና እስከ አምስተኛ ዓመት ልደታቸው ድረስ ልጆችን በምግብና በጡት ማጥባት ምክር ይረዳል። ሜዲኬይድ ወይም ፉድ ስታምፕ ካላችሁ የገቢ መስፈርቱን አሟልታችኋል ማለት ነው። ሄድ ስታርት ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆችን በነፃ ያስተምራል፤ ከዚያ በታች ላሉት ኧርሊ ሄድ ስታርት አለ። ዲሲ የምትኖሩ ደግሞ ሦስትና አራት ዓመት ለሞላቸው ልጆች ነፃ ፕሪ-ኬ አላችሁ። ማመልከቻው ማይ ስኩል ዲሲ በሚባለው ዕጣ ነው፤ ጊዜው የሚዘጋው ማርች መጀመሪያ አካባቢ ስለሆነ ሴፕቴምበር እስኪደርስ አትጠብቁ።

የመኖሪያ ወረቀታችሁ ያላለቀ ከሆነ ከማመልከታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። ደንቡ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። ቡና ላይ የሚወራውን ይዛችሁ ልጁን ከሚገባው ነገር አታስቀሩት።

በአማርኛ የሚረዷችሁ ድርጅቶችም አሉ። አርሊንግተን ያለው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት ከ1983 ጀምሮ ስደተኞችን ይረዳል። ሜሪስ ሴንተር የሚባለው የጤና ማዕከል ደግሞ ከ1988 ጀምሮ የስደተኛ እናቶችንና ልጆችን ያክማል።

4. የልጁ እድገት ካሳሰባችሁ ቀን አትቁጠሩ

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። የተቃጠልኩበት ነውና።

የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ9፣ በ18 እና በ30 ወር አጠቃላይ የእድገት ፍተሻ፣ በ18 እና በ24 ወር ደግሞ የኦቲዝም ፍተሻ እንዲደረግ ይመክራል። ለክትባት ስትሄዱ የሚሰጧችሁ የጥያቄ ወረቀት እሱ ነው። ብዙዎቻችን «ያደርጋል» የሚለውን ከላይ እስከ ታች እንሞላለን። እንደ ፈተና ቆጥረነው። ፈተና አይደለም። ልጁ ስሙ ሲጠራ ዞር ካላለ፣ በጣቱ ካላመለከተ፣ ያወራ የነበረውን ካቆመ እውነቱን ጻፉ።

ልጁ ሦስት ዓመት ካልሞላው ራሳችሁ ደውሉ። በሜሪላንድ ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ ፕሮግራም፣ በዲሲ ስትሮንግ ስታርት፣ በቨርጂኒያ ኢንፋንት ኤንድ ቶድለር ኮኔክሽን ይባላል። ከጠየቃችሁበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ መርምረው ዕቅድ ማውጣት አለባቸው። ምርመራው አያስከፍልም። ባለሙያዋ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ድረስ ትመጣለች። ቤቱን ለእንግዳ እንደሚጸዳ አታጽዱት፤ ልጁ በሚጫወትበት ሁኔታ ብታየው ይሻላል።

ሦስት ዓመት ካለፈ ጉዳዩ ወደ ትምህርት ቤቱ አስተዳደር ይሄዳል። ልጁ ገና ትምህርት ባይጀምርም ነው። ዲሲ ውስጥ ኧርሊ ስቴጅስ የሚባል ማዕከል አለ።

ጥያቄያችሁ በጽሑፍ ይሁን። መንገድ ላይ ለመምህሯ የተነገረ ነገር መንገድ ላይ ይቀራል። የእኔን የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ትምህርት ቤት «እስኪ እንግሊዝኛ ይልመድ» ብሎ ወራት አሳለፈው፤ በቃል ስለነበር ማስረጃ አልነበረኝም። ሁለተኛውን ጻፍኩ። ይህን ገልብጡት፦

«እኔ የተማሪ (ስም) እናት ነኝ። ልጄ በንግግር ችግር ስላለበት ለልዩ ትምህርት ድጋፍ ብቁ መሆኑ እንዲመረመርልኝ በጽሑፍ እጠይቃለሁ። በስብሰባው ላይ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲገኝልኝና መልሱም በአማርኛ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ቀን፣ ፊርማ።»

«በንግግር» የሚለውን እንደ ልጃችሁ ቀይሩት፤ በንባብ፣ በትኩረት፣ በጠባይ። ኢሜይል አድርጉት ወይም ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሄዳችሁ አንዱ ላይ የተቀበሉበትን ቀን አስጽፉ። ፈቃዳችሁን ከሰጣችሁ በኋላ ምርመራው እንዲያልቅ የፌደራሉ ደንብ የሚሰጠው 60 ቀን ነው፤ ስቴቶች የራሳቸውን ጊዜ ሊያስቀምጡ ይችላሉ።

ብቁ ከሆነ አይኢፒ የሚባል የግል የትምህርት ዕቅድ ይወጣለታል። ሕጋዊ ሰነድ ነው። ቢያንስ በዓመት አንዴ ይታያል። ስብሰባው ላይ ስድስት ሰባት ሰው ከአንድ ወገን ይቀመጣል፣ እናንተ ከሌላው። ያስፈራል። ትምህርት ቤቱ የሚባለውን እንድትረዱ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ሰውም ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ የሚወያዩባቸውን ወረቀቶች ከስብሰባው ቢያንስ 5 የሥራ ቀን ቀደም ብለው ሊሰጧችሁ ይገባል። ያልገባችሁን እዚያው አትፈርሙ። «ቤት ወስጄ ላንብበው» በሉ።

ይህን ሁሉ ብቻችሁን መወጣት የለባችሁም። በየስቴቱ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች ወላጆች በነፃ የሚያግዝ ማዕከል አለ። በሜሪላንድ ፓረንትስ ፕሌስ፣ በቨርጂኒያ ፒያትክ፣ በዲሲ አድቮኬትስ ፎር ጀስቲስ ኤንድ ኤዱኬሽን ይባላሉ።

ሌላም አለ። «አማርኛ ስለምናወራው ነው የዘገየው» የሚላችሁ ካለ አትስሙት። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን አያዘገይም። እኛ ለስድስት ወር አማርኛ አቁመን ነበር። ልጁ ከአያቱ ጋር በስልክ እንኳ መሳሳቅ አቃተው። መለስነው።

5. የቤት አደጋ፦ የእኛ ቤት የራሱ አለው

መመሪያዎቹ ስለ ደረጃና ስለ ሶኬት ይላሉ። እኛ ቤት ግን ጀበና አለ። ቡና ሲፈላ ሁልጊዜ ከልጅ ቁመት በታች ነው፤ የፈላ ውሃ፣ የጋለ ምጣድ፣ ፍም። ረከቦቱ የሚቀመጥበትን ጥግ በበርጩማ ከልሉ። ከሰሉን ደግሞ ቤት ውስጥ አታንዱ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ዝም ብሎ ነው የሚገድለው። የኤሌክትሪክ ምድጃ የቡናውን ወግ አያጎድልም። አፓርታማችሁ የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያ ከሌለው አከራዩን ጠይቁ።

አያት ከአገር ቤት ሲመጡ የደም ግፊትና የስኳር ኪኒናቸው ቦርሳቸው ውስጥ ነው። ቦርሳው ወለል ላይ ነው። ያ ኪኒን ልጅ በቀላሉ የማይከፍተው ክዳን የለውም። ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። «እማማ፣ ልጁ እጁ አያርፍም» ካላችኋቸው አይቀየሙም። ልጅ የማይታወቅ ነገር ከዋጠ 1-800-222-1222 ደውሉ። የመመረዝ አደጋ መስመር ነው፤ ሌትና ቀን ይሠራል፣ ነፃ ነው። ራሱን ከሳተ ወይም መተንፈስ ካቃተው ግን ቀጥታ 911። ወተት አጠጥታችሁ አታስመልሱት።

የመኪና ወንበር፦ በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ልጅ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ እንዲቀመጥ ሕጉ ያዛል። ወንበሩ በትክክል መታሰሩን በነፃ የሚያዩላችሁ ባለሙያዎች አሉ፤ በ311 ወይም በካውንቲያችሁ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ጠይቁ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀበቶውን አጣምሜ አስሬ ነበር።

እንጀራ ለመግዛት ልጅን መኪና ውስጥ ትቶ «ሁለት ደቂቃ» ብሎ መግባትን ተዉት። ሜሪላንድ ውስጥ ከ8 ዓመት በታች ያለን ልጅ ቤትም ሆነ መኪና ውስጥ ብቻውን ዘግቶ መሄድ ወንጀል ነው። የሚጠብቀውም ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ታላቅ እህቱ አሥር ዓመቷ ከሆነ አትበቃም።

6. ስለ ቅጣትና ስለ ሲፒኤስ (የልጆች ጥበቃ መሥሪያ ቤት) በግልጽ እናውራ

እኛ በቁንጥጫ፣ በአለንጋ፣ አንዳንዶቻችንም በበርበሬ ጭስ ታጥነን ነው ያደግነው። «ምን ሆንን?» እንላለን። ምን እንደሆንን ለሌላ ቀን ይቆየን። እዚህ አገር ግን በልጅ ላይ ምልክት የሚተው ምት፣ በቀበቶ ወይም በገመድ መምታት፣ ማጠን፣ ደጅ አቁሞ ማሳደር የልጅ ጥቃት ተብሎ ሊያዝ ይችላል። መምህርና ሐኪም ከጠረጠሩ ሪፖርት የማድረግ ግዴታ አለባቸው። ማስረጃ አያስፈልጋቸውም፤ ጥርጣሬ ይበቃል። መምህሯ ስለጠላቻችሁ አይደለም።

መቆጣት ሲመጣ ምን ማድረግ ይቻላል? እኔን የረዳኝ ነገር ትንሽ ነው። ከሁለት ሺፍት በኋላ ደክሞኝ ስገባ አልቀጣም። «ነገ እናወራለን» እላለሁ። ነገ ደግሞ አወራለሁ፤ ካላወራሁ ልጁ ማስፈራሪያ ብቻ መሆኑን ያውቃል። ቅጣቱ የሚወደውን ነገር ለአጭር ጊዜ መከልከል ነው፤ ታብሌት ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ወር አይደለም። የአንድ ወሩን እናንተም አትጠብቁትም። ትምህርት ቤቶችና ካውንቲዎች ነፃ የወላጅነት ሥልጠና ይሰጣሉ። የትምህርት ቤቱን ካውንስለር ጠይቁ። ሞንጎመሪ ካውንቲ ያላችሁ ሊንኬጅስ ቱ ለርኒንግ የሚባለውን ጠይቁ፤ በተመረጡ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ለልጁም ለቤተሰቡም ምክርና ድጋፍ ይሰጣል። እጃችሁ ሊያመልጣችሁ እንደሆነ ከተሰማችሁ 1-800-422-4453 ደውሉ። የልጅ ጥቃት መስመር ነው፤ የሚደውሉለት ጎረቤቶች ብቻ አይደሉም፣ ወላጆችም ናቸው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ጋ ነው።

ሲፒኤስ በር ላይ ቢቆምስ? እንዲህ አድርጉ።

አትጩሁ፣ በሩንም ፊታቸው ላይ አትዝጉ። መታወቂያ ጠይቁ። አስተርጓሚ ጠይቁና እስኪገኝ ጠብቁ። «ክሱ ምንድን ነው?» በሉ፤ በመጀመሪያው ግንኙነት ምን እንደተባለባችሁ ሊነግሯችሁ ይገባል። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም አስቸኳይ አደጋ ከሌለ ቤት ለማስገባት ፈቃዳችሁ ያስፈልጋል፤ እምቢ ማለት ግን ነገሩን ሊያከርረው ስለሚችል ጠበቃ አናግራችሁ ብትወስኑ ይሻላል። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። ልጁን «እንዲህ ብለህ ተናገር» ብላችሁ አታስጠኑት። ያውቁበታል። ስለ ልጁ ጉዳይ ኪዳነ ምሕረት ቅጥር ግቢ ውስጥ ከማንም ጋር አታውሩ፤ ወሬው ከእናንተ ቀድሞ ይደርሳል።

ሁሉም ጥቆማ በፍርድ ቤት አያልቅም። ሜሪላንድ ውስጥ ከባድ ያልሆኑ ጉዳዮች አማራጭ ምላሽ በሚባል መንገድ ይታያሉ። እዚያ ጥፋተኛ የሚባል አይኖርም፤ ቤተሰቡ የሚያስፈልገው ድጋፍ ነው የሚታየው። አንዲት የማውቃት እናት ልጅ መጠበቂያ ገንዘብ ያገኘችው በዚህ መንገድ ነው። ቀድማ ብትጠይቅ ኖሮ ያ ሁሉ ድንጋጤ አይደርስባትም ነበር።

7. ልጁ ከፍ ሲል

ጎረምሳ ክፍሉን ዘግቶ መዋል ሲያበዛ «ይለፍለታል» ወይም «ጠበል እንውሰደው» እንላለን። ጠበሉ ይቅር አልልም። ከጠበሉ ጋር ባለሙያም ይየው ነው የምለው። እንቅልፉ ከተገለበጠ፣ ምግብ ከተወ፣ ዕቃውን ለሰው ማደል ከጀመረ፣ «ባልኖር ይሻላል» ካለ ቀጥታ ጠይቁት። «ራስህን ልትጎዳ አስበሃል?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም።

ራስን የማጥፋት ሐሳብና የአእምሮ ጭንቀት ሲመጣ የሚደወልበት የእርዳታ መስመር 988 ነው፤ ከጁላይ 2022 ጀምሮ በአገሪቱ ሁሉ ይሠራል። እናንተም ስለ ልጁ መደወል ትችላላችሁ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ። ልጁ ራሱ በቴክስት መጻፍ ይችላል። ሞንጎመሪ ካውንቲ ያላችሁ 240-777-4000 ሌትና ቀን የሚሠራ የቀውስ ማዕከል ነው።

በኢንተርኔት በኩል አንድ ነገር ብቻ። ወንዶች ልጆችን ሴት መስለው ቀርበው፣ ራቁት ፎቶ አስልከው፣ ከዚያ ገንዘብ የሚጠይቁ አሉ። ልጁ ሲነግራችሁ የመጀመሪያ ቃላችሁ «ጉድ አደረግኸኝ!» ከሆነ ሁለተኛ አይነግራችሁም። ገንዘብ አትክፈሉ። መልእክቱን አታጥፉ። 1-800-843-5678 ደውላችሁ ለጠፉና ለተበዘበዙ ልጆች ብሔራዊ ማዕከል አመልክቱ። ማዕከሉ ቴይክ ኢት ዳውን የሚባል ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ፎቶ ከማኅበራዊ ሚዲያ ለማስወረድ የሚያግዝ ነፃ አገልግሎትም አለው። ስም አይጠይቅም።

8. ከወላጅ ሌላ አንድ ሰው

ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የሕፃናት እድገት ማዕከል ችግርን ተቋቁመው የሚያድጉ ልጆች ላይ በብዛት የሚታየው ነገር አንድ ነው ይላል፤ ቢያንስ ከአንድ አዋቂ ጋር የማይናወጥ ግንኙነት። እናትም አባትም ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሰው።

እኛ ይህን በአክስት፣ በክርስትና እናት፣ በጎረቤት እናውቀዋለን። እዚህ አገር ግን ራሱ አይመጣም፤ ቀጠሮ ይፈልጋል። አንድ ሰው ምረጡ። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ፣ የመስጊዱ ኡስታዝ፣ የእግር ኳስ አሠልጣኝ። «ልጄን በወር ሁለቴ ታገኝልኛለህ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። የእኔ ልጅ የሚያወራው ከሕንፃችን አንደኛ ፎቅ ካሉ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር ጋር ነው። «ጋሼ» ይላቸዋል። ስለ መኪና ብቻ ነው የሚያወሩት፣ ቢያንስ እኔ እስከማውቀው።

አሁን ተነሡና ወረቀት አምጡ። 911፣ 988፣ 211፣ የመመረዝ መስመሩን፣ የሐኪሙን ቁጥርና የቤታችሁን ሙሉ አድራሻ በትልቁ ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉት። አድራሻውን አትርሱ፤ በድንጋጤ ሰዓት የገዛ ቤትን ቁጥር መርሳት አለ። የእኛን የጻፈው ያ ሦስት ቃል ብቻ ይናገር የነበረው ልጄ ነው። ከሥሩ የፒዛ ቤቱን ቁጥር ሳያስፈቅደኝ ጨምሮበታል።